ጋኖቹ ይታያሉ?

የአላስካ ምክር ቤት ሊያመሰግን ነው ብላ ከዋና ከተማው ከጁኖ የደወለችው ልጅ ስሜን ሁለት ጊዜ አሳስታ ጠራችው። ኖርበርት ዋሲሊ ማለት ምኑ ይከብዳል? መጀመሪያ ኖርማን አለችኝ፣ ቀጥላ ሮበርት አለችኝ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠችና «ጌታዬ» ብላኝ አረፈችው። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ስሙን ሲያርም አይውልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴንሩድ አየር መንገድ ሰባ ዓመት ሞላው። ከቤቴል ከተማ እየተነሳ በወንዙ ዳር ወዳሉት መንደሮቻችን ሁሉ ሲመላለስ የኖረ ነው፤ መኪና የሚሄድበት መንገድ በሌለበት አገር መንገዳችን እሱ ነበር። ደብዳቤ አምጥቷል፣ ዱቄት አምጥቷል፣ ሙሽራ አምጥቷል፣ ሬሳ አምጥቷል፤ አንድ ጊዜማ የአክስቴን ሰው ሠራሽ ጥርስ በወረቀት ጠቅልሎ ለብቻው ወንበር ላይ አስቀምጦ አምጥቷል። እናም የምክር ቤት አባላት የምስጋና ውሳኔ ሊያወጡለት አሰቡ። ከዚያ በፊት ጉዳዩ በኮሚቴ ይሰማል፤ ወደ ጁኖ መሄድ ያልቻለ ሰው ካለበት ሆኖ በስልክ ይናገራል። በኩይጋቅ መንደር ሠላሳ አራት ዓመት የአየር መንገዱ ወኪል ሆኜ የሠራሁ እኔ ስለሆንኩ እንድናገር ፈለጉኝ። ወኪል ማለት አውሮፕላኑን በረዶ ላይ በሚነዳ የበረዶ ሞተር ሄዶ የሚቀበል፣ ዕቃ የሚያወርድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አብራሪው ከመምጣቱ በፊት የአየሩን ሁኔታ በሬዲዮ የሚነግር ሰው ነው። አሁን ሥራው የልጅ ልጄ የኤርል ነው።

አዎ፣ ሴት ናት። አዎ፣ ስሟ ኤርል ነው። መዝገብ ላይ ማርታ ተብላለች፤ ማርታ ብሎ የሚጠራት ግን የባንክ ቤት ሰው ብቻ ነው። እኛ የወንዙ ዳር ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ከእሱ በኋላ ለሚወለደው ልጅ ይሰጣል። ወንድ ነው ሴት ነው አይባልም። ልጁ ስሙን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ሟቹም አብሮት ይመጣል። የሞተው ባልሽ ከሆነ ያን ሕፃን «ባሌ» ትይዋለሽ። ሟቹ ይወደው የነበረውን ታበይዋለሽ፣ ቢበርደው ጓንት ትሰፊለታለሽ። የሰጠሽው ለሟቹ ይደርሳል።

ኤርል የተሰየመችው በአብራሪው በኤርል ካልደር ነው። እሱ በሞተበት ቀን ተወለደች። የሞተውም እናቷን፣ ልጄን ፖሊናን፣ ወደ ቤቴል ሆስፒታል ሊወስድ ሲመጣ ነው። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። መንደሩ የማያውቀውን ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬአለሁ።

ካልደር ሻይ ይወድ ነበር፣ ያውም በአራት ስኳር። ስለዚህ ኤርል ኩባያ መያዝ ከቻለች ጀምሮ ሻይ ስቀዳላት አራት ስኳር እጨምራለሁ። ስኳር አትወድም እኮ! ፊቷን አጨማድዳ «አባባ፣ ጥርሴን ጨረስከው» ትለኛለች። «ያንቺ አይደለም፣ የእሱ ነው» እላታለሁ። ትጠጣዋለች። በየዓመቱ ከመረቤ የሚወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሳልሞን ዓሣ የእሷ ነው። ሳቀብላት «እንኪ» አልልም፤ «እንካ» ነው የምላት። የምሰጠው ለእሱ ነዋ። ሰዉ ያየኝና «እንዲህ ያለ አያት የት ይገኛል!» ይላል። ፍቅር ነው፣ አልክድም፤ እወዳታለሁ። ግን ፍቅር ብቻ አይደለም።

የውሳኔው ረቂቅ በኢሜል መጣና ኤርል መንደር ጽሕፈት ቤት ሄዳ አሳተመችው። እየሮጠች ነው የገባችው፤ ጫማዋን እንኳን አላራገፈችም። ጎልጋ እኔ ቤት ቁጭ ብሎ የደረቀ ዓሣዬን እየፈጀ ነበር። ጎልጋ የአክስቴ ልጅ ነው፤ የባለ ጥርሷ ልጅ። እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ ሥራው መቀለድ ነው። ያገኘህበት ሁሉ ይሰድብሃል፣ ሰው ፊት ያዋርድሃል፣ አንተም መልሰህ ትሰድበዋለህ። መሳደብ ካቆመ ተጣልቶሃል ማለት ነው።

«እስቲ አንብቢው» አለ ጎልጋ አፉን እንደሞላ። «የዚህን ሽማግሌ ስም የት እንዳስቀመጡት ልስማ። ከእናቴ ጥርስ በላይ ነው ወይስ በታች?»

«የናትህ ጥርስ ካንተ የበለጠ ሠርቷል» አልኩት።

ኤርል ቆማ አነበበች። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፤ መሥራቹን ሽማግሌ ስቴንሩድን ያነሳል፣ በበረዶና በንፋስ ስለሚመላለሱት ይናገራል። ቀጥሎ «በታማኝነት ያገለገሉ» የሚል ረጅም የስም ዝርዝር አለ፤ አብራሪዎች፣ መካኒኮች፣ የየመንደሩ ወኪሎች። «ኖርበርት ዋሲሊ፣ ኩይጋቅ» ስትል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። ገጹን ገለበጠች፤ መልሳ ገለበጠችው።

«እኔ የለሁም» አለች።

«አንቺማ ሥራ ከያዝሽ ገና አምስት ዓመትሽ» አለ ጎልጋ። «ሰባት ሻንጣ አውርደሽ ሐውልት ይቁምልኝ ልትዪ ነው?»

«እኔን አይደለም።» ደረቷን በጣቷ ነካች። «እኔን! ካልደርን!»

ስልኩን አንስታ ለጁኖዋ ልጅ ደወለች፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ለቀቀችው። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ምን ይደረግ፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። በአደጋ የሞቱ ሌሎች አብራሪዎች ገብተዋል አለች፤ የካልደር ግን ትንሽ ለየት ይላል። የአደጋው ምርመራ ወረቀት ወኪሉ ስለ ጉም አስጠንቅቆት እያለ በራሱ ድፍረት በረረ ይላል። ይህ የምስጋና በዓል ስለሆነ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ባይገባ ይሻላል ተብሏል።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አብርሯል» አለች ኤርል። «የሞተው እኔን ሊያድን ሲመጣ ነው።»

«በጣም አዝናለሁ እህቴ። ግን ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ኤርል ስልኩን ዘጋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ስትናደድ ነው የምታለቅሰው፣ ሲከፋት አይደለም። አጠገቤ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቴን ያዘች።

«አባባ፣ አንተ ትነግራቸዋለህ። መጨረሻ ያናገርከው አንተ ነህ። አስጠንቅቄው ነበር በላቸው፣ እሱን አትደብቅ። ግን ነፍሰ ጡር ሴት ልትሞት ነው ሲባል መቀመጥ ያልቻለ ሰው ነው በላቸው። ሰው ይሳሳታል አይደል? ለአንድ ስህተት ስሙ ይፋቃል እንዴ?»

ጉልበቴን የያዘው እጇ ይሞቃል። «እሺ» አልኳት። ጎልጋ ቀና ብሎ አየኝና ዓሣውን አስቀመጠ።

ያን ቀን መጋቢት ነበር፤ ልክ እንደ አሁኑ። ፖሊና ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከምሳ በኋላ ድንገት ደም ፈሰሳት። የመንደራችን ጤና ረዳት እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣችና «ኖርበርት፣ እዚህ የማደርግላት ነገር የለኝም። ዛሬ ቤቴል ካልገባች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» አለችኝ። ባለቤቴን አግነስን ከቀበርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሌላ ሬሳ የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም።

ሬዲዮውን አነሳሁ። ካልደር ከእኛ ሃያ ደቂቃ በሚርቅ መንደር ዕቃ እያወረደ ነበር። ነገርኩት። አላቅማማም። ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ብቻ ጠየቀኝ።

«ኖርበርት፣ ጋኖቹ ይታያሉ?»

ያኔ መሣሪያ የሚባል አልነበረንም፤ ሦስት ምልክት ነበረን። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ይላል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ነዳጅ የሚጠራቀምባቸው ትልልቅ ቀይ የብረት ጋኖች አሉ፤ ሁለት ማይል ይሆናል። እነሱን ለማየት ከእኔ ደጃፍ የተሻለ ቦታ የለም፤ ቤቴ ከፍታው ላይ ነው፤ ወኪልነቱንም የሰጡኝ ለዚሁ ነው። ጋኖቹ ከታዩ አውሮፕላኑ ይመጣል። ካልታዩ አይመጣም። ካልደር እኔ ወኪል ከሆንኩ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳን ተከራክሮኝ አያውቅም። እኔ አየሁ ካልኩ አየ ማለት ነው።

በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ትምህርት ቤቱ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ምንም። ሜዳውና ሰማዩ አንድ ነጭ አንሶላ ሆነዋል። ከኋላዬ ፖሊና ጮኸች።

«ይታያሉ» አልኩት።

«ደህና። ሻዬን አሙቅልኝ» አለኝ። ሁሌም ሬዲዮውን ሲዘጋ የሚለው ይሄንኑ ነበር።

አራት ማይል ሲቀረው ወደቀ። የመታው ተራራ አይደለም፤ ተራራ የለንም። ሜዳው ሰማይ መስሎት ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ጤና ረዳቷና አንዲት አሮጊት አዋላጅ እንደምንም ብለው ደሙን አቆሙት፤ ሳይመሽ ሕፃኗ ተወለደች፣ ፖሊናም ተረፈች። ይታያችኋል? ባልዋሽም ይተርፉ ነበር። እኔን እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

በሳምንቱ መርማሪው መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አላስካ ውስጥ ብዙ ስለኖረ ወጋችንን ያውቃል። እኛ አዎ ለማለት ቅንድባችንን ከፍ እናደርጋለን፤ አይደለም ለማለት አፍንጫችንን እንሸበሽባለን። አፍ አያስፈልግም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «አቶ ዋሲሊ፣ ጉም መኖሩን ነግረውት ነበር?» አለኝ። ሕፃኗ እጄ ላይ ተኝታለች። ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ። ጻፈው። አለቀ። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የሞተ ሰው ላይ ጥፋቴን ጫንኩበት። ሬዲዮውን ከእሱና ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ አይናገር። ሕፃኗን ማን እንበላት ሲባል ቀድሜ «ኤርል» ያልኩት እኔ ነኝ።

የኮሚቴው ቀን ኤርል ቤቱን ጠርጋ፣ ጸጉሬን አበጥራ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠችኝ።

«በስልክ እኮ ነው፤ ማን ያየኛል?» አልኳት።

«እኔ አይሃለሁ» አለች።

«ቢያዩት ኖሮ ምስጋናውን ይተዉት ነበር» አለ ጎልጋ። «ይሄ ፊት ነው እንዴ ሠላሳ አራት ዓመት መንገደኛ ሲቀበል የኖረው? ብለው ካሳ ይሰጡን ነበር።»

ስልኩ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ የጁኖው አዳራሽ ድምፅ ይሰማል፤ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ሰው ይስላል። ከእኔ በፊት ከቤቴል አንዲት ሴት አውሮፕላን ውስጥ መወለዷን ተናገረች። ሌላ ሰውዬ በምርጫ ቀን የድምፅ ሳጥን ስለጠፋበት ጊዜ አወራና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሰብሳቢዋ «አቶ ኖርበርት ዋሲሊ ከኩይጋቅ» አለች፤ በትክክል ጠራችኝ።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። የጥርሱን ወሬ አወራለሁ፤ ካልደር ደግ ሰው ነበር እላለሁ፤ አመስግኜ እዘጋለሁ። የጥርሱን አወራሁላቸው፤ ሳቁ። በበረዶ የደረቀ የገና ቱርክ ዶሮ ከአውሮፕላን ተወርውሮ የፓስተሩን ጣሪያ የበሳ ጊዜ ነገርኳቸው፤ ይበልጥ ሳቁ። ኤርል በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«አንድ ስም ቀርቷል» አልኩ። «ኤርል ካልደር። ጥሩ አብራሪ ነበር። ጥሩ ሰውም ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለናል። አመሰግናለሁ።»

ኤርል ትከሻዬን ጨመቅ አደረገችኝ። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ከፌርባንክስ ከተማ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ነው፤ በወጣትነቱ አብራሪ እንደነበር ተናገረ። «አቶ ዋሲሊ፣ ካልደርን አውቀው ነበር። እንደ እሱ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም። ትንሽ ከተጠራጠረ አይነሳም። ያን ወረቀት ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ተነግሮት እያለ ለምን መጣ? እናንተ መንደር ምልክታችሁ የነዳጅ ጋኖቹ ነበሩ፣ አስታውሳለሁ። ያን ቀን ጋኖቹ ይታዩ ነበር?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ይሄን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መርማሪው እንኳን አስጠንቅቀሃል ወይ ነው ያለኝ፤ ይታያል ወይ አላለኝም። ምን እንደነካኝ እንጃ። ምን ልበል ብዬ ሳላስብ አፍንጫዬ በራሱ ተሸበሸበ።

ጁኖ ያሉት ምን ያዩና? ኤርል ግን አጠገቤ ሆና ፊቴን ታያለች።

እጇ ከትከሻዬ ላይ ወረደ።

«አቶ ዋሲሊ? መስመር ላይ አሉ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ኤርልን እያየሁ ነው የተናገርኩት። «አለሁ» አልኩ። «አይታዩም ነበር። ትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር የሚታየው። እኔ ግን ይታያሉ አልኩት። ልጄ ልትሞትብኝ ነበር። ይታያሉ አልኩትና አመነኝ። በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ አስጠንቅቄዋለሁ አልኩ። ዋሸሁ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። እሱ በድፍረት አልመጣም። የኔን ቃል ነው የሰማው።»

«የንግግር ጊዜዎ...» ብላ ሰብሳቢዋ ጀመረችና ተወችው።

«ስሙ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ» አለ ሽማግሌው አብራሪ። «ንግግሩም ለሚመለከተው ይላክ። እንዳንሳሳት፣ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግረን አለ?»

ኤርል ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ስሙን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ሳትዘል ተናገረች። የራሷ ስም አይደል? ከዚያ ካፖርቷን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ከዛሬ ጀምሮ ማርታ በለኝ» አለችኝ።

የበረዶ ሞተሯ ጮኸ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ስልኩን ማን እንደዘጋው አላስታውስም። ጎልጋ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለል ወለሉን ያያል።

«ስደበኝ» አልኩት።

«አልችልም» አለኝ።

እሱም ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እንደዚያን ቀን ባዶ ሆኜ አላውቅም። ምን ቀረኝ? ሕይወቴን ሙሉ ሰው ደህና ሰው ይለኝ ነበር፤ እሱ ቢቀር ግድ የለኝም። ነገ ልደቷ ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሻይ አፈላለሁ፣ አራት ስኳር አደርጋለሁ፣ «እንካ» እላለሁ፤ እሱ ይጠጣል። አሁን ማን ይጠጣል? ማርታን አላውቃትም። ለካልደር የምደርስበት ሌላ በር ደግሞ የለኝም። ተነስቼ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣድኩት፤ እጄ ሥራ ስለለመደ ነው እንጂ ለማን ብዬ?

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሞተሯን ሰማሁ። ገባች፤ ካፖርቷን አላወለቀችም፣ ፊቴንም አላየችም። በእጇ ሬዲዮ ይዛለች። የከሰዓቱ አውሮፕላን ከቤቴል ተነስቷል፤ ጉምም ከወንዙ እየተነሳ ነው። ጋኖቹን ለማየት ከእኔ ደጃፍ ሌላ ቦታ የለም፤ ቢጠላም ቢወደድም እዚህ መምጣት ነበረባት።

ሬዲዮው ተንሿሿ። «ኩይጋቅ፣ ኩይጋቅ፣ አሥር ደቂቃ ይቀረኛል። እንዴት ነው እዚያ?» ወጣት አብራሪ ነው፤ ዘንድሮ የተቀጠረ።

ኤርል ሬዲዮውን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ያንቺ ሥራ ነው» አልኳት።

«እናቴ አውሮፕላኑ ላይ ናት» አለች። «ነገ ልደቴ ነው፣ ኬክ ይዛ እየመጣች ነው። ቤቴል ሆና ሁሉንም በስልክ ሰምታለች። እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ፣ አባባ። በጣም እፈልጋለሁ። ስለዚህ ዓይኔን አላምነውም፤ እኔ አላይም። አንተ እይ።»

በካልሲዬ ደጃፍ ላይ ወጣሁ። ብርዱ እግሬን በላኝ። ትምህርት ቤቱ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ አለ ብዬ ነበር፤ ዓይኔን ጠራርጌ ሳየው የለም። ማዶውን ፈለግሁ። ቀይ ነገር፣ ቀይ ነገር... ሁሉም ነጭ ነው። እኔም ልጄን እፈልጋት ነበር። ፖሊና መጥታ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሬዲዮውን ተጫንኩት። «ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው የሚታየው። ጋኖቹ አይታዩም። አትምጣ።»

«ከላይ ሆኜ ሳየው ክፉ አይደለም» አለ ልጁ። «ቀርቤ ልሞክረው?»

«አይታዩም አልኩህ!» ብዬ ጮኽኩ። «ተመለስ! ልጄን ይዘህ ተመለስ!»

«እሺ፣ ገባኝ። ወደ ቤቴል እየተመለስኩ ነው።»

የሞተሩ ድምፅ ከጉሙ በላይ ሩቅ ሆኖ ይሰማል። ዞረ። እየሳሳ ሄደ። እስኪጠፋ ሁለታችንም ቆመን አዳመጥን። እንባዬ ይፈሳል፣ አልጠረግሁትም። ለካልደር ማለት የነበረብኝ ይሄንኑ ነበር፤ አንድ ቃል ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ኤርል ሬዲዮውን ከእጄ ወሰደች። ወደ ውስጥ አልፋ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወረወረችና ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

«ሻዬን አሙቅልኝ» አለች።

ማንቆርቆሪያው ይፈላል። ቀዳሁላት። የስኳሩን ጣሳ አነሳሁና እጄ እዚያው ቀረ። ለመጠየቅ ፈራሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከአንዲት ልጅ መልስ ፈራሁ።

«ስኳር ላድርግ?» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትወጣለች አልኩ። ከዚያ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

አራቱን ጨመርኩና «እንካ» አልኩት።